የጤነኛ ሰው ደም

ታናሽ ወንድሜ የደም መርጋት ተመራማሪ ነው። ሰው ሲቆስል ደሙን የሚያቆሙለት፣ በዓይን የማይታዩ፣ ፕላትሌት የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ነው የሚያጠናው። ያነሱባቸው ሰዎች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞታሉ አሉ። እሱ ደግሞ መድኃኒት ይፈልግላቸዋል። የተባረከ ሥራ ነው፣ ምን ይወጣለታል። በማን ደም እንደሚሠራው ግን አልጠየቃችሁኝም። በእኔ ነው።

የበሽተኛ ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጋር እየተነጻጸረ መታየት አለበት። ጤነኛዋ እኔ ሆንኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ በመርፌና በእነዚህ ዓይኖቼ ነው አሳድጌ ያስተማርኩት። ታዲያ “እትዬ፣ ክንድሽን” ሲለኝ ክንዴን ልነፍገው ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ላቦራቶሪው እሄዳለሁ። ክንዴን በላስቲክ ያስረዋል፣ ይወጋኛል፣ ቱቦዎቹን ሞልቶ “ጤነኛ” የሚል ወረቀት ይለጥፍባቸዋል። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ሁሉ ስለ ደሜ ሳትሰማ አትወጣም ነበር።

በኋላ ጭኔ እዚህም እዚያም ይበልዝ ጀመር። ድሮ መርፌ ሲወጋኝ ጣቴን መጠጥ አድርጌ እቀጥላለሁ፤ አሁን የሰው ነጭ ኮሌታ በደም ማበላሸት ጀመርኩ። ነገርኩት። ቱቦውን እያገላበጠ፣ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጋር እየተጋጨሽ ይሆናል አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እሺ አልኩ፤ የተማረው እሱ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ። ደምሽ ቱቦው ውስጥ እየተጓጎለ ነው መሰለኝ፣ ማሽኑ ፕላትሌቶቹን በትክክል አይቆጥርልኝም አለ። ጥናቱን የሚያቀርብበት ጉባኤ ደግሞ ደርሶበታል። ለጊዜው እንዳልመጣ፣ በእኔ ቦታ የላቦራቶሪውን ዘበኛ እንደሚወጋ ነገረኝ። እኔ ሞኟ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ይቅርታ ጠየቅኩት። ሥራህን አበላሸሁብህ ብዬ! ቤቴ ገብቼም በዘበኛው ቀንቼ አለቀስኩ።

እሱ ጉባኤው ላይ ሲጨበጨብለት እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ቀኝ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ወረደበት። ባሸው ባሸው አልለቅ አለኝ። ሆስፒታል ሄጄ ደሜን ከወሰዱ በኋላ ወጣቷ ሐኪም ራሷ እየሮጠች መጣች። ፕላትሌቶቼ አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ የገዛ ሰውነቴ ነው ሲፈጃቸው የከረመው። ዓይኔ ውስጥ ደም ፈሷል።

“እናቴ፣ እስከዛሬ ደምዎን ያየልዎት ሰው የለም?” አለችኝ።

ሳቅ አፈነኝ። ሳቄ አልቆም ሲል ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

ወንድሜ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ከጉባኤው በቀጥታ መጣ። ሐኪሟ ደሜን ሲያይ የኖረው እሱ መሆኑን ከእኔ ሰምታ የቀድሞ ውጤቴን ጠየቀችው።

“ደጋግሞ ዝቅ ብሎ ነበር” አለ። “የቱቦው ስህተት መስሎኝ ጣልኩት።”

አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ቢያያት ስህተት መሆን አለመሆኑ ይለይለት እንደነበር ነገረችው። አውቃለሁ አለ። ያውቃል! ጊዜ አጥቶ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት እውነት ነው፤ ባዕድ ብሆን ኖሮ ያየኝ ነበር።

የማላውቃቸው ሰዎች በለገሱት ፕላትሌትና በክኒን ነፍሴ ተረፈች። ዓይኔ ግን በዚያው ቀረ። በአንድ ዓይን ጨርቅ እንደምንም ይሰፋል፤ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ግን አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ በጎን በኩል ያልፋል። ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው እሱ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ለሳምንት የሚበቁኝን መርፌዎች ክር እያስገባ ትንሿ ትራስ ላይ ይሰካልኛል። ይቅር በዪኝ ብሎኛል። አፌ ይቅር ብሎታል፣ ሆዴን ተዉት።

ያለፈው ቅዳሜ መርፌው ጣቱን ወጋው። አንዲት ጠብታ ደም ወጣች። ሁለታችንም አየናት። ወዲያው ረጋች። ሊጠርጋት ቁራጭ ጨርቅ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

“ተው፣ ይህቺን እንኳ አትጣላት” አልኩት። “የጤነኛ ሰው ናት።”