የላላው ቮላኖ

ሙሐረም ብሎኑን ሲያጠብቅ ቁልፉ ሸርተት ብሎ ጣቱን ላጠው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ ቁልፉን መልሶ ያዘ። ከአሮጌው ትራክተር ሞተር ጎን ያለው ከባድ የብረት ጎማ፣ ቮላኖው፣ ከዘንጉ ላይ ላልቶ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይንኳኳል። ሙሐረም ኮምቦልቻ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ከሳዑዲዋ ሳምጣ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው እርሻ ባለቤት ከፍየል ጥበቃ አንስቶ ትራክተሩን ሰጥቶታል።

ዘከሪያ ከበረቱ በኩል መጣ። ሁለቱ ከአንድ ቀበሌ አብረው ወጥተው የመንን አብረው ያቋረጡ ናቸው። ስልኩን እንደያዘ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"ሙሐረም፣ ተወው እስቲ። ቁጭ በል።"

"ንገረኝ።"

"ጀማል ነው። ትናንት ድንበሩን ሲሻገሩ የመድፍ ጥይት ወደቀባቸው። ሳምጣ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ነው ያለፈው። አብሮት የነበረ ሰው ደውሎ ነገረኝ።"

ጀማል የሙሐረም ታናሽ ወንድም ነው። መንገዱን በስልክ ያስረዳው ሙሐረም ራሱ ነበር።

"ያችን ቆርቆሮ አቀብለኝ" አለ።

"ሰምተኸኛል?"

"ሰምቼሃለሁ።"

ቆርቆሮዋን ቆርጦ በተበላው የዘንጉ ጥርስና በቮላኖው መሀል ሸጎጠ። ብሎኖቹን ተራ በተራ አጠበቀ። ማልቀስ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን ምንም አልመጣለትም። የሚሰማው የጣቱ መጠዝጠዝ ብቻ ነበር።

"ዘመድ መጥቶ ካላስመዘገበው ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ያለ ስም ይቀብሩታል አሉ" አለ ዘከሪያ። "አንተ ደግሞ መሄድ አትችልም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለህም። ከያዙህ እስር ቤት ነው፣ ከዚያ ወዳገር።"

ሙሐረም ሞተሩን አስነሳ። አልተንኳኳም። የእርሻው ባለቤት አቡ ሳልም ድምፁን ሰምቶ ብቅ አለ።

"ማሻአላህ። ኸላስ፣ ያላ፣ ጎርፉ ያጠጣው መሬት ሳይደርቅ እረሰው።"

"ያ ሙዲር፣ አለቃዬ፣ ወንድሜ ሞቷል። ሳምጣ ያድርሱኝ።"

ሰውየው ወደ አስፋልቱ ተመለከተ። "አላህ ይርሐመው። ግን መኪናዬ ላይ ካገኙህ እኔም እቀጣለሁ። ነገ እናያለን።"

ሙሐረም ትራክተሩ ላይ ወጣ። አንድ ትልም አርሶ ተመለሰና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"ና ውጣ" አለው ዘከሪያን። "የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብለህ ልቀቅ።"

"አንተስ ወዴት ነህ?"

"ሙሉ ስሙን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።"

እርሻውን አቋርጦ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ከሩቅ አንድ መኪና ይመጣል። የማን መኪና እንደሆነ ሳያጣራ እጁን አነሳ።