ቁጥር አርባ ሦስት

የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ መፈትፈት ማንም ተሽቀዳድሞ የሚይዘው ሥራ አይደለም። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ ግን ለዚህ ዕድል ስትል ሁለት ወር ሙሉ መምህሯን ደጅ ጠንታለች። ጥናቱ እንዲህ ነው፦ ከእናቶችና ከልጆቻቸው ምራቅ ይወሰዳል፣ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ በላብራቶሪ ሳህን ላይ እንዲራባ ይደረጋል፣ ከዚያ ዲኤንኤው ተነጥሎ በጄል ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ይታያል። የእናትና የልጅ መስመር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ልጅ ባክቴሪያውን ይዞ አይወለድም፤ ጥርስ ሲያበቅል ከሚያጎርሰው ሰው ማንኪያ ያገኘዋል። መምህሩ ይህንን በመጀመሪያው ቀን አስረድተዋታል፤ የእሷ ልብ ግን “እናትና ልጅ” የሚለው ላይ ቀርቶ ነበር።

ልጅቷ ጥርስ ሳታበቅል፣ ገና በአምስት ወሯ፣ እናቷ ለራሷ ታላቅ እህት ትታት የሰው ልጅ ልታሳድግ ባሕር ተሻግራለች። በየአራት ዓመቱ ለሦስት ሳምንት ትመጣለች፤ ሽቶዋና ሻንጣዋ ቤቱን ይሞሉታል፤ ገና ልትለመድ ስትል ትሄዳለች። የልጅቷ መልክ የአባቷ ነው፣ ሳቋ የአክስቷ። ከእናትሽ ምን ወሰድሽ ሲሏት የምትመልሰው ኖሯት አያውቅም። እናቷን ትናፍቃለች፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንኳ ትናፍቃታለች።

ስለዚህ ዘንድሮ እናቷ ስትመጣ መምህሩን አስፈቅዳ ሦስት ናሙና ጨመረች፤ የራሷ አርባ አንድ፣ ለማነጻጸሪያ የአክስቷ አርባ ሁለት፣ የእናቷ አርባ ሦስት። አክስቷ የቀሩኝን ጥርሶች ደግሞ አንቺ ልትጨርሻቸው ነው ብላ እየቀለደች ምራቋን ሰጠች። እናቷ ግን ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፀጉሯን አስተካክላ ነው ቱቦው ላይ የተፋችው። ውጤቱ ሳልሄድ ይደርስ ይሆን እያለችም በየቀኑ ትጠይቅ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሳህኖች ሻጋታ መታቸውና ልጅቷ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረች፤ ጄሉ ሲደርስ ለጉዞው ሁለት ቀን ቀርቶታል።

የጄሉን ፎቶ የሚያነቡት የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። በዚህ ሙያ ጥርሳቸውን የነቀሉ ሰው ናቸው፤ እዚያ ቤት ይህ ሲባል ከሁሉ አስቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ናቸው። ስም ካየሁ አዳላለሁ ስለሚሉ ከቁጥር በቀር ምንም አይነገራቸውም።

ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩ። “አርባ አንድና አርባ ሁለት እናትና ልጅ ናቸው፤ ምንም አያጠራጥርም” አሉ። “አርባ ሦስት ግን ባዳ ናት። በስህተት ገብታ እንዳይሆን ቁጥሩን እዪው።”

ቁጥሩ ልክ ነበር። ልጅቷ እሺ ብላ ጓንቷን አወለቀች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። አክስቷን ጠልታ አይደለም፤ እንደ ነፍሷ ነው የምትወዳት። ብቻ ይህን አንዲት ነገር ከእናቷ ፈልጋ ነበር።

ቤት እስክትደርስ ልትዋሽ ቆርጣለች። ከነገ ወዲያ ለሚሄድ ሰው ምን አለበት? ስትገባ አክስቷ ልብስ ታጣጥፋለች፣ እናቷ ሻንጣ ትሞላለች። እናቷ ቀና አለችና “ተመሳሰልን?” አለቻት። ልጅቷ የእናቷን ጉጉት ስታይ ውሸቱ አፏ ውስጥ ደረቀ።

“አልተመሳሰልንም፣ እማዬ። የኔ ከእትዬ ነው የመጣው። ጥርስ ሲበቅል ካጎረሰ ሰው ነው የሚገኘው።”

አክስትየው የሰው ዕቃ እንደተገኘባት ሁሉ አንገቷን ደፋች። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“እዚያ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ” አለች። “ሦስቱንም በእጄ አጉርሼ። የኔው እንግዲህ እነሱ አፍ ውስጥ ነዋ ያለው።”

እናትየው ወደ እህቷ ዞረች። ሃያ ዓመት ሙሉ በስልክ ስለ ጫማ ቁጥርና ስለ ፈተና ውጤት ስትጠይቅ ኖራለች፤ ይህን ግን ለመስማት አቅም አጥታ አንድ ቀንም አልጠየቀችም።

“እትዬ፣ መጀመሪያ የበቀለው የቱ ጥርሷ ነው?”

“የታች ግራው” አለች አክስትየው። “ሰኞ ቀን ነበር። ጣቴን ነክሳኝ ነው ያወቅሁት።”

“ከዚያስ?”

አክስትየው ልብሱን አስቀምጣ ልጅቷን ጠራቻት፣ አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻት። ልጅቷም በሃያ ዓመቷ እንደ ሕፃን አፏን ከፈተች። አንዷ በጣቷ ቦታ ቦታውን እያሳየች፣ አንዷ ከዚያስ እያለች፣ የበቀሉበትን ወር ተራ በተራ አነሱት። እነዚያ የወተት ጥርሶች ከወላለቁ ስንት ዘመናቸው! እናትየው ግን ገና ዛሬ እንደሚበቅሉ ሁሉ ጎንበስ ብላ ታያለች።