የአስታማን ባዶ ቡድሃ

...ሆዱ ባዶ ከሆነማ ድስት ነው እንጂ ቡድሃ አይደለም፣ ብሏት ነበር መነኩሲት ልጁን በስልክ፣ እሷም ሳቀች፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሰማው የመጀመሪያ ሳቋ፣ ድስትም ከሆነ ይሁን አባባ፣ አንተ የሠራኸው ድስት ይበቃኛል፣ ብቻ ውስጡ ምንም አታስገባ፣ ሥሩንም አትክደነው። ምንም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ። የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ገልብጬ አሳየዋለሁ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም፣ ያስተማረውን ራስህ ሞክረህ እይ፣ እለዋለሁ። እሺ አለ አስታማን። እሺ ማለት ምን ያቅታል። ይኸው ዛሬ ልትወስደው ትመጣለች፣ ከቀትር በፊት፣ የነሱ ወገን መነኮሳት ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም፣ ስለዚህ ሩዙ ከወዲሁ ተጥዷል፣ ምስሩም፣ የዱባው ቀንበጥም፣ እሱም መስኮቱ ስር የገለባ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ቡድሃውን በአናቱ ዘቅዝቆ ጭኑ ላይ ይዞታል፣ ወርቁ እንዳይጫር በትራስ አስደግፎታል፣ በቀኙ መሮና መዶሻ፣ በግራው ለቲቤታዊው መነኩሴ ለላማ ዎሰር ትእዛዝ ትናንት የቆረጣቸው የመዳብ ክዳኖች፣ የቀረው የሥሩን ከንፈር ማለስለስ ብቻ ነው፣ የሕፃን ሥራ፣ እጁ ያውቀዋል፣ ሐሳቡን ለቀቅ ቢያደርገውም ግድ የለም።

ባዶ። ላማ ዎሰር ቢሰማ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ይጭን ነበር፣ ያ ወፍራም ደግ ሰው፣ እንደ ቲቤት ወገኖቹ ሁሉ የጸሎት ጥቅሉን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከጥድ ዱቄቱ ጋር እስኪጠቀጠቅ ድረስ ሆዱን ይሞላዋል፣ ከዚያ አስታማን ክዳኑን ሥሩ ላይ ገጥሞ ከንፈሩን በላዩ ይመታል፣ አለቀ፣ ታሸገ፣ ሕይወት ገባበት። ያልተሞላ ቡድሃ ምሳ ያልበላ እንግዳ ነው አስታማን፣ ይላል፣ ደግሞስ አንድ ቡድሃ ብቻ ያለ መሰለህ እንዴ፣ በእያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ላይ አንድ ተቀምጧል፣ አንተም ውስጥ አለ፣ አቧራ ሸፍኖት ነው እንጂ። አቧራውስ እውነት ነው። ቡድሃ ሊያሠራ የመጣው ያ ጃፓናዊ ሽማግሌ ደግሞ፣ ጥርስ የሌለው፣ መሙላቱም ባዶ መተዉም የናንተ ጣጣ ነው አለና ቁጭ አለ፣ እኔ የቡድሃን ስም ከልቤ እጠራለሁ፣ ቀኔ ሲደርስ እሱ ራሱ መጥቶ ይወስደኛል፣ ሲል ደስታው፣ ወንድሙ ጣቢያ ድረስ ሊቀበለው እንደሚመጣ ሰው። ሱበርና ግን፣ ልጁ፣ አሁን በምንኩስና ስሟ ጉሩማ ኡፐላ ነው የሚሏት፣ ሰዉ እየሰገደ፣ የሱ ምላስ አልለመደውም፣ ሱበርና ግን፣ ሰው ነበር አባባ፣ እንደኛው ሰው፣ መንገዱን አገኘ፣ አሳየን፣ በሰማንያ ዓመቱ ሆዱን ታሞ አረፈ፣ አሁን ብትጠራው አይመጣም፣ መንገዱ ግን አለልህ፣ ትላለች። እኛስ፣ እኛ የፓታን ከተማ ሰዎች ዘውድ እንደፋለታለን፣ ጉትቻ እናንጠለጥልለታለን፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱን እናጥበዋለን፣ እንደ ንጉሥም እንደ ልጅም። ማን ልክ ነው። ሚስቱ ቺኒማያ በሕይወት እያለች እንዲህ ሲብሰለሰል ስታየው፣ አንተ ሰውዬ ሥራህን ሥራ፣ እነሱ ሲከራከሩ ይዋሉ፣ ለሁሉም የምትሠራላቸው አፍንጫ እንደሆነ አንድ ነው፣ ትለው ነበር። እውነቷን ነው። ሁሌ የሚቀርጸው የገዛ አባቱን አፍንጫ ነው። ለቲቤቱም ለጃፓኑም የሄደው የአባቱ አፍንጫ ነው፣ ማንም አልመለሰለትም።

እሱስ መነኩሴ አይደለም እንዴ፣ ወንዱ ሁሉ በልጅነቱ ለጥቂት ቀን የሚመነኩስበት የሻክያ ዘር፣ በስድስት ዓመቱ ፀጉሩን ላጭተው ቢጫ አልብሰው አራት ቀን በየደጁ ሩዝ አስለምነውታል፣ በአምስተኛው ቀን ቢጫውን አውልቆ እናቱ ጓዳ ገባ፣ አባቱም አያቱም እንዲሁ፣ መነኩሴ ሆነው ሚስት አግብተው ወልደው ከብደው ኖሩ። የአራት ቀን መነኩሴ! ብላ ትስቅበት ነበር ሱበርና። ከዚያ እናቷ በሞተች በዓመቱ የራሷን ፀጉር ላጨች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ያ ጥቁር ፀጉር፣ የመነኮሰች ዕለት አባትና እናት ሁሉ ለገዛ ልጆቻቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ሰገዱ፣ ደንብ ነው፣ እሱ ብቻ እንደ ምሰሶ ተገትሮ ቀረ፣ ለልጄ፣ አፍንጫዋን ስጠርግላት ለኖርኳት። ያ አልበቃ ብሎት ደግሞ ከእናቷ ሳሪ ቀይ ጠርዝ ቀዶ፣ ጸሎት ጠቅልሎበት፣ ክታቡን በቦርሳዋ ገበር ውስጥ ሰፋው፣ በስውር፣ እሷ እንዳታውቅ። አገኘችው። ወረቀቱን ብቻ በፖስታ መለሰችለት፣ አባባ ከጀርባዬ የምትሠራውን ነገር እፈራለሁ፣ ከሚል ሁለት መስመር ጋር። አሥራ አንድ ዓመት። ከባግማቲ ማዶ እኮ ናት፣ ወንዝ ብቻ ነው የሚለያቸው፣ እሱ አልሄደም፣ እሷም አልመጣችም፣ አሁን ግን ደወለች፣ እሱን ነው የመረጠችው፣ ፓታን ስንት አንጥረኛ እያለ አባባ አንተ ሥራልኝ አለች፣ ባዶ፣ ክፍት፣ በእምነት፣

የመዶሻው ድምፅ ተለወጠ።

ጢንግ ጢንግ ይል የነበረው ድም ድም ይላል። ቁልቁል ያያል። ክዳኑ ገብቷል። አንዱ የላማ ዎሰር ክዳን፣ ልክክ ብሎ፣ ከንፈሩ ዙሪያውን በላዩ ታጥፎበታል፣ አንዲት ጣት የምታህል ብቻ ቀርታለች፣ እጁ እሷንም ለመምታት መዶሻውን አንስቷል። ወይ ጉድ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሥሩ ወደ ላይ ከሆነ ክዳን ነው የሚያውቀው ይሄ እጅ፣ ማን ጠየቀህ፣ ማን ንካ አለህ። ውስጡ እንኳ ምንም የለም፣ ለላማው አይሆን ባዶ ነው፣ ለልጁ አይሆን ታሽጓል። እና ምን ብሎ ያስረዳታል፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ፣ ክታቡን በስውር የሰፋ እጅ እኮ ነው፣ ሁለተኛውን ክታብ ሆዱ ውስጥ ከተተ ትላለች፣ መብቷ ነው። ልንቀለው? ከንፈሩ ይላጣል፣ ከዚህ ቤት የተጫረ ሥራ ወጥቶ አያውቅም፣ ይውጣ፣ ይላጥ፣ መሮው የት ሄደ፣

አባባ።

በሩ ላይ ናት። ቀድማ መጣች። ሮዝ ልብሷ፣ የተላጨ ራሷ፣ ወይ ስትመስል እናቷን፣ ያለ ፀጉርም እናቷን። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ጭኑ ላይ የተዘቀዘቀውን አየች፣ ክዳኑንም አየች፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተዘጋ፣ ዐወቀው።

ባዶ ነው፣ አለ። ምንም የለውም። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ እጄ መታው፣ ስላንቺ እያሰብኩ፣ እይ፣ ጥቅሉም ዱቄቱም እዚህ ቤት የለም፣ ቆይ አሁን እነቅለዋለሁ፣ ቆይ።

ይጫራል አባባ።

ይጫር። ራስህ እይ አይደል የምትሉት፣ እይው።

 መሮውን ክዳኑ ላይ የደገነውን እጁን ታያለች፣ እንዳትይዘው ወንድ መንካት አልተፈቀደላትም፣ የአባትም ቢሆን። ባዶ ነው አልክ?

ባዶ ነው።

በቃ እንግዲህ፣ አስቀምጠው መሮውን።

የሚጠይቅሽ ሰው ሲመጣስ? ገልብጠሽ ምን ልታሳዪ?

አባቴ ባዶ ነው ብሎኛል፣ እለዋለሁ።

አለችና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች፣ መጠቅለያ ጨርቅ ልታወጣ፣ የቦርሳው ማንገቻ ተበጥሶ ኖሮ በቀይ ጠርዝ ታስሯል፣ የቺኒማያ ሳሪ፣ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ለቋል ግን እሱ ነው፣ ወረቀቱን መለሰች እንጂ ጨርቁን መቼ መለሰች፣ አሥራ አንድ ዓመት ትከሻዋ ላይ፣ እኔ ቂል ፖስታውን ብቻ እያየሁ። ደስ አለው።  ቡድሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አቀናው፣ የአባቱ አፍንጫ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ እጁ ሳይጠይቀው ክዳኑን እንደመታ ሁሉ ጉልበቱም ሳይጠይቀው ታጠፈ፣ ቀጨጭ አለ፣ ያረጀ ጉልበት፣ ግንባሩ ምንጣፉን ነካ። ለማን ነው፣ ለሱ ነው ለሷ፣ ምን አገባህ አንተ ሰውዬ። አንድ። ቀና አለ። ከንፈሯን ነክሳለች፣ ደንቧ ዝም ብለሽ ተቀበዪ ይላል፣ ዝም ብላ ትቀበላለች፣ እንባዋ ግን ደንብ አያውቅም። ሁለት። ምስሩ ሲንተከተክ ይሰማል፣ ቀትር ገና ነው፣ ጊዜ አላቸው። ሦስተኛው ላይ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንዳደረገ ቆየ፣ ገለባው ገለባ ገለባ ይሸታል፣ የአራት ቀን መነኩሴ፣ አትቸኩል፣