ጥርሷ ውስጥ የገባችው ሴት

ልብስ ሰፊዋን «በዚህ ሙያ ጥርሷን የነቀለች ናት» ሲሏት ትበሳጫለች፤ ጥርሷ እውነትም አንድ ሐሙስ ቀርቶታልና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቀስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ኖራ፣ የላይኛው የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል። መቀሱ ለጌጥ ነው። ሰፈሩም «እትዬ መቀስ» የሚላት ለዚሁ ነው።

ሽርፋቱ የሩዝ ፍሬ ግማሽ አይሞላም። እሷ ግን በር አሳክላ ታየዋለች። እንግዳ ሰው ፊት አትስቅም፤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ትቀመጣለች።

ጣጣው የመጣው በዚህ ነው። የልጇ እጮኛ እናት ላውንደሪ ያላት ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። ሁለት ጊዜ እቤት መጥታ ሁለቱንም ቀን ስትቀልድ ውላለች። ያገኘችው የተገጠመ ከንፈር ብቻ ነው።

«እማ፣» አለቻት ልጇ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፊቷ ጠቁሮ። «ሴትየዋ ልጇን ምን እንዳለችው ታውቂያለሽ? ‹ምን እንዳደረግኳት አላውቅም፣ ጥርሷ ውስጥ ገብቻለሁ። እኔን እንዲህ የጠላች አንተን እንዴት ትወድሃለች? ይቅርባችሁ› ብላዋለች።»

«እኔ? ኧረ ሳቄን አፍኜ ልፈነዳ ነበር!»

«እሷ በምን ትወቅ? ጥርሴ ተሸርፎ ነው በያት በቃ።»

«ሞቼ ነው የምነግራት!»

«ቅዳሜ ቀሚስ ልትለካ ትመጣለች። እሱ ስንት ለምኖ ነው እሺ ያሰኛት። አሁንም ካኮረፈችኝ ሁለተኛ አልመለስም ብላለች።» የልጅቱ ዐይን ውሃ ሞላ።

እትዬ መቀስ ግትር ናት እንጂ ድንጋይ አይደለችም። ረቡዕ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተዘረጋች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የራሱ ጥርስ ገና ከካርቶን የወጣ ሰሃን ይመስላል። «እትዬ፣ ምርጫ አለዎት። አንደኛ፣ ሁሉንም ማንጣት እንችላለን።»

«ሲነጣ ሽርፋቱ ይሞላል?»

«አይሞላም።»

«የነጣ ሽርፋት ምን ይሠራልኛል! እለፈው።»

«ሁለተኛው ማልበስ ነው። እንደ ሸክላ ያለ ስስ ልባስ ከፊት ይለጠፋል። ስድስቱን ብናለብስ ፈገግታዎ ሌላ ይሆናል።»

ማልበስ ሲል ነቃ አለች። ይሄ የራሷ ቋንቋ ነው። «ልኩንስ እንዴት ታመጣዋለህ?»

«እንዲቀመጥ ጥርሱን ከላይ ትንሽ እንሞርደዋለን።»

«ደህናውን?»

«ትንሽ ነው እትዬ።»

«ዶክተርዬ፣ እኔ ኮት እንዲገጥም ብዬ የሰው ትከሻ ሞርጄ አላውቅም!»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ እጅ ሰጠ። «እሺ፣ የተሸረፈችዋን ብቻ እንሙላት።»

ቀለም ሊመርጥ የናሙና ጥርሶች የተሰካኩበትን ዘንግ አመጣና አንዱን ከጥርሷ ጋር አስተያየ። «ይኸኛው ነው።»

«ይሄማ ወተት ነው። የኔ ክሬም ነው።» አንገቷ ላይ ያሰሩላትን ወረቀት እንዳንጠለጠለች ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። «ክር በመብራት ያመሳሰለ ሰው ፀሐይ ላይ ይዋረዳል። ና ወዲህ!» ዘንጉን ነጥቃ አራተኛውን መረጠች።

ሐኪሙ ጥርሷንና ናሙናውን ደጋግሞ አየ። «ልክ ነዎት።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ቅዳሜ ባለላውንደሪዋ መጣች፤ ኮስተር ብላ፣ ቃሏን ቆጥባ። እትዬ መቀስ በሯን ስትከፍት ሳቀች። ወንበር ስታቀርብ ሳቀች። ሜትሩን ሴትየዋ ወገብ ላይ ጠምጥማ ቁጥሩን ስታነብም፣ እስከ ድዷ ሳቀች።

«ቁጥሩ ነው ያሳቀዎት?» አለች ባለላውንደሪዋ።

«ኧረ በፍጹም!» አለች እየሳቀች። አፏ ከረቡዕ ወዲህ አልዘጋ ብሏል።

«ገባኝ። እስከ ዛሬ አኮረፉኝ፣ ዛሬ ደግሞ ወገቤን ሳቁበት።» ቦርሳዋን አነሳች።

ልጅቱ በር ላይ ክው ብላ ቀረች። እትዬ መቀስ አንዴ ልጇን አንዴ ቦርሳውን አየች። ሜትሩን ግን አልለቀቀችም፤ ሴትየዋ መሀሉ እንደታሰረች ናት።

«ጥርሴ ነው!» ብላ ጮኸች። «ሸራፋ ነበርኩ! አፍሬ ነው አፌን የዘጋሁት። የዚያን ካልሲውን ከሚስቱ ነጭ ቀሚስ ጋር ያጠበ ደንበኛሽን ቀልድ ያወራሽ ቀን፣ ማድ ቤት ገብቼ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ይኸው፣ አሁን አስሞላሁት፣ የምስቀው ላሳይሽ ብዬ ነው!»

ባለላውንደሪዋ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «የቱ ነው?»

«ፈልጊያ።»

አገጯን ይዛ፣ እድፍ የቀረበት አንሶላ እንደምትመረምር አፏን መረመረች። «ይኸኛው!»

«እሱ የራሴ ነው!»

«አይደለም፣ የተገጠመ ነው። ጠማማ ነው።»

«ፈጣሪ ነው ያጣመመው!»

«እንግዲያስ ሐኪምሽ ደህናውን ሠርቶ ጠማማውን ትቶልሻል!»

እትዬ መቀስ ልትቆጣ አፏን ብትከፍት ሳቅ ቀደማት። ባለላውንደሪዋም ተከተለቻት፤ አንዷ የሌላዋን ትከሻ ይዘው፣ በአንድ ሜትር ተጠምጥመው ተንፈራፈሩ።

ልጅቱ ኮሪደር ወጥታ ለእጮኛዋ ደወለች።

«ምንድነው የምሰማው ጩኸት?» አላት በድንጋጤ።

«እናቶቻችን እየተሰዳደቡ ነው።»

«ወይኔ!»

«ዝም በል፣ አንቺ መባባል ጀምረዋል። ቀን ቁረጥ።»