ሰማያዊው ኬክ

ኬክ ቤቱን የምትመራው ሴትዮ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህችን ሳትናገር ሥራ አታስጀምርም፤ «እጃችሁን ከቆረጣችሁ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፉ። ሰማያዊ ምግብ ከስንት አንድ ነው። ተፈጥሮ ለሰማያዊ እጇ አይፈታም፤ ተክሉም ያን ቀለም ለማውጣት አበሳውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ፕላስተሩ ክሬም ውስጥ ቢወድቅ ከሩቅ ይታያል።»

የእህቷ ልጅ ግን ለሠርጌ ሰማያዊ ኬክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። አክስት እንዴት እምቢ ትበል? የፋብሪካ ቀለም አልነካም ብላ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቀለች፤ ውሃው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ስታደርግበት ሰማይ መሰለ። ክሬሙን በሱ በጥብጣ ኬኩን አለበሰችውና ላከችው።

ማታ ሥራ ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ሳሙናው የተቆረጠ ጣቷን ለበለባት። ጠዋት የለጠፈችው ሰማያዊ ፕላስተር የለም። ወለሉን፣ ማጠቢያውን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን አተራመሰች።

ለእህቷ ደወለች። «ኬኩን ማንም እንዳይነካው!»

«ምነው እቴ፣ አለቀ እኮ!» ብላ ሳቀች እህቷ። «ጣት ያስቆረጥማል! አይዞሽ፣ ላንቺ አንድ ቁራሽ ደብቄልሻለሁ።»

ሴትዮዋ ስልኩን ዘግታ ጣቷን ጨበጠች። «አምላኬ፣» አለች፣ «እባክህ፣ የኔ ቁራሽ ውስጥ ይሁን።»