ጧፍ ወይስ ጥይት

የሰው ልጅ ከፈጣሪው ከተቀበላቸው ሀብታት ሁሉ እንደ ዕድሜ የሚያስቀው የለም፤ በጉልምስናው ይሸሽገዋል፣ በእርጅናው ይመጻደቅበታል፣ በሞት ደጃፍ ግን እንደ ተሰረቀ ሸማ አውልቆ ሊጥለው ይሻል። ይህም እውነት መሆኑን፣ አስተዋይና ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ከከተማው ዳር ባለው የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር የሆነው ነገር ያስረዳሃል። የማኅበሩ ሥርዓት ድፎውን ባርኮ የሚቆርሰውና በራስጌው መደብ የሚቀመጠው በዕድሜ ታላቅ የሆነው እንዲሆን ያዝዛልና፣ ማዕርጉ የሚገባው ሰባ ስምንት ዓመት ለሞላው ለአያ ቢያድግልኝ ነበር። ዳሩ ግን በወሬ ባለጸጋ፣ በኀፍረት ድኻ የሆነው ጎረቤቱ አያ ደስታው አንድ ክረምት ተኝቶ በመስከረም ዘጠና አምስት ዓመት ሞልቶት ተነሣ፤ በግራ ጆሮው ያለውንም ጠባሳ እያሳየ «ጣሊያን የተኮሰብኝ ነው» ብሎ የራስጌውን መደብ ወሰደ። በመጀመሪያው ወር ጥይት ነበረ፣ በሁለተኛው መድፍ ሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ አውሮፕላን ጆሮውን ታክኮት አለፈ። ያ ጠባሳ ግን ደስታው ክርስትና ሲነሣ፣ ጧፍ ይዞ የቆመው የስድስት ዓመቱ ቢያድግልኝ እንቅልፍ አንጎላጅቶት እሳቱ የሕፃኑን ጆሮ የለበለበበት ነበረ። ይህንም ቢያድግልኝ በማኅበሩ ፊት ቢናገር ደስታው «ዝም በል አንተ ልጅ! ታላቅህ ሲናገር አታቋርጥ!» ብሎ አሳፈረው፤ የማኅበርተኛውም ሣቅ የጎረቤት በሬ እስኪያስበረግግ ድረስ አስተጋባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቢያድግልኝ የሚጾመውም የሚጸልየውም ስለ በቀል ሆነ።

እነሆም በአንዲት የማኅበር ቀን ደስታው ድፎውን ሊቆርስ ቢላዋውን ባነሣ ጊዜ ቢላዋው ከእጁ ወደቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ ቀኝ ጎኑ እንደ ግንድ ደረቀ፣ ያ አውሮፕላን ያበረረ ልሳንም ታሰረ። ቢያድግልኝ በልቡ «ተመስገን፤ ፍርድ ወረደ!» አለ፤ የጠላቱንም ፍጻሜ በዓይኑ ሊያይ፣ የደስታው ልጅ ምትኩ አባቱን ጭኖ ወደ ሆስፒታል በሚከንፍበት ታክሲ ማንም ሳይጋብዘው ተሳፈረ። በዚያም ዶክተር ሥምረት የምትባል ሐኪም ከመረመረችው በኋላ እንዲህ ስትል አስረዳች፦ «ስትሮክ ነው። የአንጎሉን ትልቅ የደም ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል። ከብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ልናወጣው እንችላለን። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፤ ነገር ግን ሥሩ ቢከፈትም ሰው ባረጀ ቁጥር የማገገም ተስፋው ይቀንሳል። በሰባዎቹ ካሉት ራሳቸውን ችለው የሚቆሙት፣ ዘጠና ካለፉት ይልቅ እጅግ ይበዛሉ። ለመሆኑ ስንት ዓመታቸው ነው?»

ምትኩ «ዘጠና አምስት» አለ፤ መታወቂያውም አባቱ ለቀበሌው በነገረው መሠረት ያንኑ ይል ነበር። ከዚያም እንባውን ጠርጎ «ዶክተር፣ ጠግቦ ኖሯል፤ ምን ያሠቃየዋል? ቤቱ ወስደነው በክብር ይረፍ» አለ።

በዚህ ጊዜ የቢያድግልኝ ደስታ በድንገት እንደ ሬት መረረው። ዝም ቢል ጠላቱ ይሞታል፤ ነገር ግን የዘጠና አምስት ዓመት አርበኛ ተብሎ፣ በፉከራና በቀረርቶ ተሸኝቶ ይቀበራል፤ ውሸቱም በመቃብሩ ድንጋይ ለዘላለም ይታተማል። «ሞቶ ሊረታኝ!» አለ በልቡ፤ በአፉም ጮኸ፦ «ዶክተር ልጄ፣ ይህ ሰው ታናሼ ነው! ገና ሰባ ሁለቱ ነው!»

«አያ ቢያድግልኝ፣ እዚህም የመደብ ጸብ?» አለው ምትኩ ተቆጥቶ።

ሽማግሌው ግን ወደ በሽተኛው ጎንበስ ብሎ ደኅነኛውን ግራ እጁን ያዘና «ደስታው፣ ትሰማኛለህ። የጆሮህ ጠባሳ የጣሊያን ከሆነ እጅህን አታንቀሳቅስ፤ በክብር እንቀብርሃለን። የኔ ጧፍ ከሆነ ግን እጄን ጨብጥ» አለው። ብታምንም ባታምንም፣ አንባቢ ሆይ፣ ያ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ተንጋሎ ለጥቂት ጊዜ አሰበበት! ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻም የደስታው ጣቶች ቀስ ብለው ታጠፉ።

«ጠንከር አድርገው እንጂ!» አለ ቢያድግልኝ። «ልጅህ አላየም።»

ደስታው የጠላቱን እጅ አጥንቱ እስኪንቋቋ ድረስ ጨበጠ። ምትኩም «አባዬ! ለኔም ዋሸህ?» አለና ፈቃዱን ሰጠ፤ ሐኪሟም ሳትዘገይ ቱቦውን አስገብታ የሥሩን መዝጊያ አወጣች። አውሮፕላን ያልጣለው ጀግና የጣለችው የጓያ ፍሬ የማታህል የደም ቋጠሮ ሆና ተገኘች።

ጥቂት ወራት አልፈው ደስታው ከዘራ ይዞ፣ ምላሱ ትንሽ እየጎተተ፣ ወደ ማኅበሩ በእግሩ ተመለሰ፤ በግርጌውም መደብ ተቀመጠ። ቢያድግልኝ ከራስጌው ሆኖ ድፎውን ቆረሰ፣ እጁንም በጠላቱ ራስ ላይ ጭኖ «ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ፤ እንደኔ ለማርጀት ያብቃህ!» ብሎ መረቀው። ማኅበርተኛው ሁሉ «አሜን!» አለ፤ ደስታውም፣ ምርቃት በዝምታ አይታለፍምና፣ በዚያው በዳነ አንደበቱ «አ… ሜን» አለ። ጠላቱን ለመቅበር የሚቸኩል የአንድ ቀን ተዝካር ይበላል፤ ጠላቱን አድኖ ከግርጌው ያስቀመጠ ግን በየወሩ ይደግሳል።