ፍሬን የሚረግጥ ሰው

አሮጌውን የወታደር መኪና ያመጡት ሦስት ጓደኛሞች፣ አልጋና ምድጃ ገጥመውለት አብረው ሊጓዙበት ነበር። አንዱ ግን ሥራ አግኝቶ ርቆ ሄደ፤ ሁለተኛው፣ ብረት በያጁ፣ አገባ። ሦስተኛው፣ ሜካኒኩ፣ ብቻውን ቀረ።

ዛሬ የቀረው ከፍሬኑ አየር ማስወጣት ነው። ለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ አየሩ የሚወጣበትን ብሎን ይፈታል። አንድ እጅ አያጨበጭብምና ለበያጁ ደወለ።

«አንተ ሙሽራ፣ እግርህን ለአንድ ሰዓት ብቻ አውሰኝ።»

«እግሬማ ካገባሁ ወዲህ የእኔ መሆኑ ቀረ! የአማቴን ቤት እየቀባሁ ነው። እሑድ እመጣለሁ፣ ሙት!»

«ያለፈው ሳምንትም ሙት ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው አለሁ።»

ስልኩን ዘግቶ ፔዳሉን በእንጨት ከወንበሩ ጋር ወጠረና ከመኪናው ሥር ገባ። ብሎኑን ሲፈታው ፔዳሉ ሰመጠ፣ እንጨቱ ላልቶ ወደቀ፣ የወጣው አየር ተመልሶ ገባ። «ያዝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ የጮኸው ባዶ ወንበር ላይ መሆኑ ሲገባው ከሥር ወጥቶ እንጨቱን አነሣ።

ኋላ ብልሃቱን አገኘው። ብሎኑን በጥቂቱ ብቻ ፈታ አድርጎ፣ እንጨቱ ሳይወድቅ መልሶ ያጠብቀዋል። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲል፣ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። አመሻሹ ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። መኪናውን አስነስቶ ከግቢው ወጣና ፍሬኑን ረገጠው፤ ቀጥ አለ።

በያጁ ጋ ደወለ። «ፍሬኑ ያዘልኝ።»

«ጎበዝ! እሑድ መጥቼ አብረን እንሞክረዋለን።»

«እሺ» አለ ሜካኒኩ። ሞክሮት እንደጨረሰ መናገሩን ተወው። መኪናውን ግን ወደ ግቢው አልመለሰም፤ መንገዱን ይዞ ብቻውን ቀስ እያለ ነዳ።